አዲስ ፍሪሲዮን የት ይሟሽ? የአዳማ ጎዳና፣ የፍጥነት መንገዱና የአሰላ ዳገት ሲነጻጸሩ

አዳማ ላይ ጠንከር ያለ ፍሪሲዮን አስገጥሞ ከጋራዥ የሚወጣ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «የፍጥነት መንገዱን ይዘህ አዲስ አበባ ደርሰህ ተመለስ፤ በአንድ ቀን ይለቀቃል» ይለዋል። ሌላው ወደ አሰላ ዳገት ይመራዋል፤ የፍሪሲዮን አቅም የሚታወቀው እዚያ ነው ብሎ። ሦስተኛው ሞተሩን አስጩኾ ሁለት ሦስት ጊዜ በድንገት ማስነሣት ይበቃል ባይ ነው። ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ እየቆሙ እየተነሡ መሰንበትን እንደ ምክር የሚያቀርብ ግን ብዙ አይገኝም፤ አሰልቺ ነዋ። ይህ ጽሑፍ የሚያደላው ለዚያ አሰልቺ መንገድ ነው። አማራጮቹን ግን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ ከመንገዱ በፊት የተገዛው ዲስክ ራሱ ውሳኔውን ስለሚለውጠው።

የሚሟሸው ምኑ ነው?

አዲስ የፍሪሲዮን ዲስክና ቶርኖ ቤት ተልጦ የመጣ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ለዓይን ልሙጥ ናቸው። ሲገጣጠሙ የሚነካኩት ግን ከፍ ከፍ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ፔዳሉ በተለቀቀ ቁጥር ዲስኩ ለአፍታ ይንሸራተታል፤ ከፍ ያለው ቦታ ይበላል፤ ከዲስኩ ልባስ የሚወጣው ስስ ሽፋንም በቮላኖውና ዲስኩን በሚጫነው ሳህን ላይ ይለበጣል። ይህ በለዘብታ ሲደጋገም ገጾቹ ሙሉ ለሙሉ መገናኘት ይጀምራሉ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም እውነት የሚሆነው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ጠንካራ የተባለው ፍሪሲዮን ከአሮጌው ፋብሪካ ሠራሽ ሊያንስ ይችላል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የምታሟሽ እናት ከመጀመሪያው እሳቱን አታነድበትም፤ ለዘብ ባለ ሙቀት፣ ደጋግማ ነው የምትሠራው። ፍሪሲዮንም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ትንሽ ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ፣ በመሐሉም መቀዝቀዣ ፋታ።

ሙቀቱን ማን እንደሚያመጣው በቁጥር ማየት ይቻላል። መኪና ከቆመበት ሲነሣ፣ የሞተሩ ዙር በአንድ ልክ ተይዞ ከቆየ፣ ዲስኩ ላይ ወደ ሙቀት የሚቀየረው ጉልበት ዲስኩ መንሸራተት ባቆመበት ቅጽበት መኪናው ካለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ነው። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል በደቂቃ 1,200 የሞተር ዙር በአንደኛ ማርሽ ቢነሣ፣ ዲስኩ አጥብቆ የሚይዘው መኪናው በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ የሚወጣው ሙቀት 4 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል። ያው መኪና በ4,000 ዙር ቢነሣ ዲስኩ የሚይዘው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀቱም 45 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ዙሩ ሦስት እጥፍ ከትንሽ ሲጨምር ሙቀቱ ከዐሥር እጥፍ በላይ ሆነ። ያ ሁሉ ሙቀት ደግሞ ገና በጥቂት ቦታዎች ብቻ በሚነካካ ገጽ ላይ ነው የሚወድቀው።

ኦርጋኒክ በሚባለው በተለመደው የፋብሪካ ዲስክ ልባስ ውስጥ ቃጫውንና ብናኙን የሚያያይዝ ሙጫ አለ። በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲሞቅ ገጹ ደርቆ ይጠነክርና የሚያብረቀርቅ፣ የሚያንሸራትት ሽፋን ይሠራል። ቮላኖው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይቀራል፤ ቦታው ከዙሪያው ብረት የበለጠ ጠንክሯል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በተነሡ ቁጥር መኪናው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ አስጩኾ የማስነሣቱ ምክር ከውድድሩ እዚሁ ይውጣ። የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ እየሰጡ ፔዳሉን ግማሽ መልቀቅም የእርሱ ወንድም ነው፤ ሽታው አካባቢውን ሲሞላ «ተሟሸ» የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ተቃጠለ ነው።

የፍጥነት መንገዱ፦ አይጎዳም፣ አይቆጠርምም

የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ በኩል ከወጡ በኋላ አምስተኛ ማርሽ ገብቶ እስከ መጨረሻው ክፍያ ጣቢያ ድረስ ፍሪሲዮን ላይረገጥ ይችላል። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ በተለቀቀበት ሁኔታ ዲስኩ ከቮላኖው ጋር አንድ ሆኖ ይዞራል፤ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ አይሟሽም። ደርሶ መልስ 170 ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ይመዘገባል፤ ዲስኩ ግን ያገኘው በጣት የሚቆጠር መነሻ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች «800 ኪሎ ሜትር» ብለው ሲጽፉ (ከ500 ማይል የመጣ ቁጥር ነው) ከተማ ውስጥ እየቆሙ እየተነሡ ማለታቸው ነው፤ ያቺን ሐረግ ዘሎ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው በአምስት ቀን የአዲስ አበባ ምልልስ «ጨረስኩ» ይላል፤ ዲስኩ ግን ገና ጥሬ ነው።

ሥራ ካለብዎት ግን ይሂዱ፤ በሰላም እስከነዱ ድረስ ምንም ጉዳት የለውም። መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ነገር ነው፦ በአምስተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ከባድ መኪና ለመቅደም ነዳጁን እስከ ወለሉ አለመርገጥ። በተለይ ቱርቦ ያለው ሞተር ትልቁን ጉልበት ዲስኩ ላይ የሚጭነው በዚያ ቅጽበት ነው፤ ያልተሟሸ ዲስክ ሳይሰማዎት ይንሸራተታል። ማርሽ ቀንሰው ይቅደሙ።

የአሰላ ዳገት፦ ፈተና እንጂ ልምምድ አይደለም

ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ከአዳማ ተነሥቶ በመልካሳ በኩል አዋሽን ይሻገርና ዴራንና ኢተያን አልፎ ይወጣል። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር፣ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመሐል ያለው ልዩነት ሁሉ በሞተርና በፍሪሲዮን ይከፈላል። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ያለ ማቋረጥ መውጣት በራሱ ፍሪሲዮንን አያሞቅም። የሚያሞቀው የተጫነ አይሱዙ ከፊት ሲቆም፣ እርስዎም ዳገት ላይ ቆመው ሲነሡ ነው። ሜዳ ላይ 4 ኪሎ ጁል የወሰደው መነሻ እዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ እየተንሸራተተ መኪናውን ወደፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ የሚስበውንም ክብደት መያዝ አለበት። ብዙ ሹፌር ደግሞ የእጅ ፍሬኑን ረስቶ መኪናውን በፍሪሲዮን ዳገት ላይ አንጠልጥሎ ያቆያል። አዲስ ዲስክ ከዚህ በላይ የሚጠላው ነገር የለም፤ አሮጌውም ቢሆን አይወደውም።

ስለዚህ የአሰላ መንገድ ለመጨረሻ ይቆይ። የማይቀር ጉዞ ከመጣ ሰውና ዕቃ ቀንሰው፣ ከመኪኖች ርቀት ጠብቀው፣ ዳገት ላይ መቆም ሲመጣ በእጅ ፍሬን ይዘው ይሂዱ።

ከተማው፣ በሰዓቱ

አዳማ ለዚህ ሥራ የተሠራች ትመስላለች። አብዛኛው መንገዷ ሜዳ ነው፤ ባጃጁ በየመቶ ሜትሩ ያስቆማል፤ አደባባዮቿ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽን ያፈራርቃሉ። እዚህም ግን ልዩነት አለ። ሰዉ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ላይ በየአምስት ሜትሩ የሚያንፏቅቅ ሰልፍ ውስጥ መግባት ከዳገቱ የሚሻለው በትንሹ ነው፤ ዲስኩ ግማሽ ተይዞ ይንፏቀቃል፤ መቀዝቀዣ ፋታ አያገኝም። የሚፈለገው ተነሥቶ፣ ሁለተኛ ገብቶ፣ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ሄዶ መቆም ነው። ከጠዋቱ ግርግር በኋላ ያለው ረፋድና ከሰዓት በኋላ መጀመሪያው ለዚህ ይመቻሉ።

አነሣሡ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ሞተሩን ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ይያዙ፣ ፔዳሉን ያለ ማመንታት ግን ያለ ችኮላ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ እግርዎንም ከፔዳሉ ላይ ያንሡ። ፔዳል ላይ እግር አሳርፎ መንዳት ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን የሚገፋውን ኩሽኔታ ይጨርሳል፤ ጠንካራ ፍሪሲዮን ላይ ደግሞ የሚጫነው ሳህን ሞላ ስለሚከብድ ኩሽኔታው የሚሸከመው ጫናም ይበዛል። ሲቆሙ ማርሹን ነጻ ያድርጉ። ማርሽ ሲቀንሱ መኪናውን በፍሪሲዮኑ ለማቆም አይሞክሩ፤ ፍሬን አለ።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እንዲህ ካለፉ በኋላ የወንጂ መንገድ ጥሩ ለውጥ ነው። ቅርብ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ሦስተኛና አራተኛ ማርሽን ለማፈራረቅ በቂ ቦታ አለው። የነዳጁን ግማሽ ያህል መስጠት እዚያ መጀመር ይቻላል፤ ሙሉውን ግን ገና።

ዲስኩ ይለያያል፣ ማሟሻውም ይለያያል

እስካሁን የተባለው በደፈናው ለሁሉም ይሠራል። ልኩ ግን በልባሱ ይወሰናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «ስቴጅ 1»፣ «ስቴጅ 2»፣ «ስቴጅ 3» የሚሉት ጽሑፎች የጋራ መለኪያ የላቸውም፤ የአንዱ ፋብሪካ ሁለተኛ ደረጃ የሌላው ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ልባሱ ከምን እንደተሠራ፣ ዲስኩ መሐሉ ላይ የማለዘቢያ ሞላ ያለው መሆኑና ስንት ኒውተን ሜትር (የማዞር ኃይል መለኪያ) እንደሚሸከም ነው።

ኦርጋኒኩ ሙሉ ክብ ልባስ ያለው፣ የፋብሪካ መኪኖች የሚመጡበት ዓይነት ነው። ጠንካራ የሚባለው የሚለየው በሚጫነው ሳህን ሞላ ነው፤ ዲስኩ ያው ሆኖ ጫናው ይጨምራል። ፔዳሉ ይከብዳል፤ አነሣሡ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። 800 ኪሎ ሜትር የከተማ መንዳት ይበቃዋል፤ ትንሽ ቢያጠፉበትም ይቅር ባይ ነው። ለአዳማ መንገድ፣ ለቤተሰብ መኪና፣ ለሃይሉክስ፣ ሞተሩ ላይ መጠነኛ ለውጥ ለተደረገበት መኪናም ሁሉ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም።

ኬቭላር የሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ ሌላ ነገር ነው። ረጅም ዕድሜ አለው፣ አነሣሡ ከኦርጋኒኩ ይለሰልሳል፣ ቮላኖውንም አይበላም። ዋጋው ማሟሻው ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ 1,600 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የኦርጋኒኩ እጥፍ፣ ሁሉም ከተማ ውስጥ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከሞቀ ገጹ ይጠነክራል፤ ኦርጋኒክ ቀስ በቀስ ሊያገግም ሲችል ኬቭላር ብዙውን ጊዜ አያገግምም። ቮላኖው በአግባቡ ካልተላጠ ደግሞ ማሟሻው ከነጭራሹ አይጀመርም። መኪናውን ራሳቸው ብቻ የሚነዱና ትዕግሥት ያላቸው ሰዎች ይግዙት። ወንድም፣ ልጅና ቅጥር ሹፌር የሚፈራረቁበት መኪና ላይ ኬቭላር መግጠም ገንዘብን ለዕድል መስጠት ነው።

ሴራሚክ የሚባለው በእርግጥ አብዛኛው ናስና መዳብ የበዛበት የብረት ብናኝ ነው፤ ሙሉ ክብ ሳይሆን ሦስት፣ አራት ወይም ስድስት ቁራጭ ሆኖ ዲስኩ ላይ ይሠካል። ከፍተኛ ሙቀት ይችላል። ይይዛል ወይም አይይዝም፤ መሐል የለውም። መኪናው ሲነሣ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ቮላኖውንና የሚጫነውን ሳህን ይበላል። ከባጃጅ ኋላ በቀን መቶ ጊዜ ለሚነሣ ሰው ቅጣት ነው። ማሟሻው አጭር ነው የሚል ወሬ አለ፤ ሙቀቱን ስለሚችል በቀላሉ አይቃጠልም ማለት ከሆነ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ፋብሪካዎች ለእርሱም ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይጽፋሉ፤ ቁራጮቹ እኩል ካልተቀመጡ መንቀጥቀጡ የዘላለም ይሆናል። የቱርቦው ግፊት ከፍ የተደረገ፣ ለውድድር የሚወጣ መኪና ካልሆነ በቀር አያስፈልግም።

አንዱ ፊት ኦርጋኒክ፣ ሌላው ሴራሚክ የሆነም ዲስክ አለ። በኦርጋኒኩ ፊት ሕግ ያሟሹት።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ስሕተት ማንሣት ግድ ነው፦ ጠንካራ ፍሪሲዮን ረጅም ዕድሜ አለው የሚል። ጠንካራ ማለት ትልቅ ጉልበት ሳይንሸራተት ይይዛል ማለት ነው፤ ለመልበስ ይዘገያል ማለት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው ያለውን መኪና ማቆየት የሚፈልገው ሰው በዝቷል፤ ሻጩም ይህን አይቶ ከዱባይ ያስመጣውን ሴራሚክ «ዕድሜ ልክ» ብሎ ያቀርባል። ሞተሩ ፋብሪካ እንደሠራው ከሆነ ጥሩ የፋብሪካ ኦርጋኒክ ከእርሱ ይበልጣል።

የአዳማ ከፍታም ለዚሁ ክርክር ይረዳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ገደማ ያጣል። በባሕር ጠለል 150 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር እዚህ 127 ገደማ ነው የሚሰጠው። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ለእርስዎ ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። ተቃራኒውም አለ፦ ሞተሩ ስለደከመ ሹፌሩ ለመነሣት ዙር ይጨምራል፤ ዙሩም ቀደም ሲል እንዳየነው ሙቀቱን ያባዛል። ቱርቦ ያለው ሞተር አብዛኛውን ጉልበቱን መልሶ ስለሚያገኝ ይህን ስሌት ለእርሱ አይጠቀሙበት።

ከመነሣትዎ በፊት ጋራዥ ውስጥ የሚታይ

ማሟሸቱ የሚበላሸው አንዳንዴ መንገድ ላይ ሳይሆን ካምቢዮው ከመዘጋቱ በፊት ነው። አዲሱ ሳህን ዝገት እንዳይዘው ከፋብሪካ ስስ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ በፍሬን ማጽጃ ካልታጠበ ያ ዘይት ከልባሱ ጋር አብሮ ይጋገራል። መካኒኩ ዲስኩን በግሪስ እጅ እንዳይነካ ይንገሩት። የዲስኩ ጥርስ የሚገባበት ዘንግ ላይ ግሪስ ስስ ብቻ ይቀባል፤ ሲበዛ በዙር ኃይል ተወርውሮ ልባሱ ላይ ይደርሳል። ብሎኖቹ በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ፣ እኩል ይጠበቁ። የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) የሚያንጠባጥብ ከሆነ ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ይለወጥ፤ የፓራኦሊዮው ዋጋ ከድጋሚ ማውረጃው ጋር አይነጻጸርም።

ቮላኖውን ማስላጥ ወይስ አዲስ መግዛት? ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ስንጥቅ ወይም ጥልቅ ጭረት ከሌለበት ማስላጥ ይበቃል። ደረጃ ያለው ቮላኖ (ዲስኩ የሚያርፍበትና ሳህኑ የሚታሰርበት ገጽ ከፍታቸው የሚለያይ) ሲላጥ የደረጃው ከፍታ ፋብሪካው ባስቀመጠው ልክ መቆየት አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ቶርኖ ቤት ይምረጡ። ሁለት ክፍል ሆኖ በመሐሉ ሞላ ያለበት ቮላኖ በተለመደው መንገድ አይላጥም። ክብደቱ የቀለለ ቮላኖ ሞተሩን ቶሎ ያስጮኻል፤ ለመነሣት ግን ተጨማሪ ዙር ስለሚጠይቅ ለከተማ አልመክረውም።

አዳማ ነፋሻማ ናት፤ የነፋስ ኃይል ተርባይኖቹ የተተከሉትም ለዚሁ ነው። ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል። የፍሪሲዮኑ ሹካ በካምቢዮው ቅርፊት የሚያልፍበት ቀዳዳ ጎማ ብዙ መኪና ላይ ጠፍቷል ወይም ተቀዷል፤ በዚያ የገባ አቧራ አዲሱን ገጽ ያሻክራል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ያስገጥሙት።

መሟሸቱ እንዴት ይታወቃል?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያለ ሽታ፣ ትንሽ መንቀጥቀጥ፣ የፔዳሉም መያዣ ቦታ ትንሽ መቀያየር ያጋጥማል። እየቀነሰ መሄድ አለበት። ከ300 ወይም ከ400 ኪሎ ሜትር በኋላ መንቀጥቀጡ እየባሰ ከመጣ መንዳቱን አይቀጥሉ፤ ዘይት ነክቶታል ወይም ቮላኖው ልክ አይደለም፤ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር አያድነውም።

የፋብሪካው ወረቀት ያዘዘው ርቀት ሲሞላ፣ ያ ወረቀት እዚህ ከተጻፈው ቢለይ እርሱ ይቀድማል፣ ፈተናው እንዲህ ነው። ሜዳና ባዶ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ፣ በ2,000 ዙር አካባቢ፣ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ይጨምሩ። የሞተሩ ዙርና ፍጥነቱ አብረው ካደጉ ዲስኩ ይዟል። ዙሩ ብቻውን ቢዘል ወዲያው እግርዎን ያንሡ፤ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ይጨምሩና ድጋሚ ይሞክሩ። ሁለተኛም ከዘለለ ወደ ጋራዥ ይመለሱ፤ ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዘው።

ካለፈ ደግሞ በሽቦ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያለው መኪና የፔዳሉን ነጻ ጨዋታ (ሳይጫን ባዶውን የሚሄደውን ርቀት) ያስለካ፤ ልባሱ ሲቀመጥ ጨዋታው ይጠብባል፤ ካልተስተካከለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተጭኖ ይዞራል። በፈሳሽ የሚሠራው ራሱን ያስተካክላል፤ የፈሳሹን መጠን ማየት ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የአሰላን መንገድ ለመውጣት የሚከለክል ነገር የለም፤ የእጅ ፍሬኑ በደንብ የሚይዝ ከሆነ።